ሳይቀመስ ሶስ የለም

ሊየንዬ፣

ሃኖይ ያካፋል፣ እኔ ደግሞ እልህ ይዞኛል። ከትናንት ወዲያ እማማ ኛን የሚባሉ አሮጊት ፎ ቤት ገብቼ፣ እንደኛ እንደ ሳይጎኖች ልማድ፣ የሩዝ ፓስታው የሰመጠበትን የፎውን መረቅ ሳልቀምስ ጣፋጩን ጥቁር ሶስ ከቦርሳዬ አውጥቼ አፈሰስኩበት። አሮጊቷ ሳህኑን ከፊቴ ላፍ አደረጉት።

«ምን አጠፋሁ እማማ?»

«ስንት ሰዓት አጥንት የቀቀልኩበትን መረቅ ሳትቀምሺ? ሂጂ፣ አገርሽ ገብተሽ አቡኪ!»

ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ልቀር ነው? ትናንትም ሄድኩ። ዛሬ ደግሞ ምንም ሳልጨምር እስከ መጨረሻው ጠብታ ጭልጥ አደረግኩት።

«እህሳ፣ ምን ጎደለው?» አሉኝ ወገባቸውን ይዘው።

«አልጎደለውም እማማ፣ ጨው በዝቶበታል።»

ማንኪያው ሁሉ ባለበት ቀረ። እማማ ከድስቱ ቀመሱና ወደ ባላቸው ዞሩ፦ «አንተ ሽማግሌ! ሁለቴ ጨመርክበት አይደል?»

ለእኔ አዲስ ሳህን ቀድተው አመጡልኝ። አጠገቡ የራሴን የሶስ ጠርሙስ አስቀመጡልኝ፤ ለካ ያን ዕለት ወስደውብኝ ኖሯል። «አሁን ከፈለግሽ ጨምሪ» አሉኝ። አልነካሁትም።

ሊየን፣ ስድስት ዓመት አብረን ፎ ሸጠን፣ ደንበኛ የሚወደው መረቃችንን ይሁን ሶሱን ዛሬም አናውቅም። ስመለስ ጠርሙሶቹን ከጠረጴዛ አነሳለሁ። ቀምሶ የጠየቀ ይሰጠዋል። ሐሳቤን ልታስቀይሪኝ አትድከሚ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለእሳቸው ግን አንድ ጠርሙስ ደብቂላቸው፤ እሳቸውን እንኳ አልደፍርም።

ያንቺው ቱየት