አባቶችን የጠሩ ፖስታዎች

ሮብሳን፣

ከጊንጪ ስትመለስ አታገኘኝም፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ጉደር ሄጃለሁ።

የሰርግህን ፖስታዎች አበላሽቻቸዋለሁ። አድራሻ የሚያትመውን ፕሮግራም ያዘጋጀሁት በተማርኩበት አገር ልማድ ነው፤ እዚያ ሰው በአክብሮት የሚጠራው በመጨረሻ ስሙ ነው። ስለዚህ ፖስታው ሁሉ እንግዳውን ትቶ አባቱን ጠራ። አንተም ስታሽግ አላየህም። የፊደሉን ማማር እያደነቅን ስሙን ሳናነብ ቀረን።

ወደ ጉደር የላክናቸው አርባዎቹ ትናንት ደርሰዋል። መምህርህ ኦቦ ጉርሙ ኤጄታ ደወሉልኝ።

«ጅሩ፣ አባቴን ጠርታችኋል። ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጥሪውን መቃብራቸው ላይ ላኑርላችሁ?»

እሳቸው ሳቁ።

አሁን ቤት ለቤት ዞሬ እሰበስባቸዋለሁ፤ ይቅርታ ጠይቄ ትክክለኛውን እሰጣለሁ። ስሞቹን በእጄ ስጽፍ ነው ያደርኩት።

እዚሁ አምቦ የሚታደሉትን ፖስታዎች ቀድጃቸዋለሁ። ካርዶቹና አዲስ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አሉ። አንተ በእጅህ ጻፍባቸው፣ መጀመሪያ እንዳሰብከው። ያኔ «በዚህ ዘመን በእስክሪብቶ?» ብዬ ሙሽራዋ ፊት ስቄብህ ነበር።

አንድ ፖስታ ብቻ አልቀደድኩም። ነቀምት ላለው ወንድምህ ያተምነው ነው። «ለኦቦ ጀቤሳ፣ ከነቤተሰብዎ» ይላል።

አባትህ ኦቦ ጀቤሳ ሲቀበሩ አልመጣሁም። ለልጃቸው ሰርግ ተጠርተው ሳይ ግን መቅደድ አቃተኝ።

መሳቢያህ ውስጥ ነው።

ጅሩ