እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያስተማሩት መምህርት የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1964 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታችን የእንጨት ሥራ ቤት በስተጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ከእርሳቸው ቀጥሎ የተወለደው ወንድማችን በሕፃንነቱ ስላረፈ እርሳቸውና እኔ ብቻ ቀረን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። በመካከላችን የአሥራ ሁለት ዓመት ልዩነት አለ፤ ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም። እኔ “እታለም” እላቸው ነበር። እዚህ የተሰበሰባችሁት አብዛኞቻችሁ ግን የምታውቋቸው “እትዬ ዳስተር” በሚለው ስም ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተምረዋል። በ1979 ዓ.ም. እናታችን ታመው ሲያርፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው ቤት ያዙ። እኔን አጥበው፣ አብልተው፣ ፊደል አስቆጥረው ለትምህርት አበቁኝ። አባታችን ከጣውላ ቁርጥራጭ ሠርተው ጥቁር ቀለም የቀቧት ትንሽ ሰሌዳ ነበረችን። እታለም ጠመኔውን እጄ ላይ ያስይዙኝና እጄን ሳይነኩ ከአጠገቤ ይቆማሉ። አንዷን “ሀ” ለመጻፍ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እንደፈጀሁ ዘመድ ሁሉ ሲስቅብኝ ኖሯል። እርሳቸው ግን ያን ከሰዓት በኋላ በሙሉ ቆመው ጠብቀውኛል። ይህን የምናገረው በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

በ1986 ዓ.ም. በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በየቀኑ ከመምህራኑ ቀድመው ገብተው የአሥራ አራት ክፍሎችን ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉ፣ ዳስተሮቹን ከውጭው ግድግዳ ጋር እያጋጩ ያራግፉ ነበር። ልብሳቸውም ፀጉራቸውም ነጭ ሆኖ ስለሚውል ነው ተማሪዎች “እትዬ ዳስተር” ያሏቸው። ስሙን አልጠሉትም። የማይወዱት ሰሌዳ ላይ ቀርቶ ያደረ ስህተት ነበር። መምህሩ ሲደምር ተሳስቶ ከሄደ መጀመሪያ ያርሙታል፣ ከዚያ ያጠፉታል። ማንም አያየውም፤ ለማንም አይናገሩም። እኔም የሰማሁት በልጅነቷ ጠዋት ጠዋት አብራቸው ትገባ ከነበረችው ልጃቸው ነው።

በ1988 ዓ.ም. የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው በ1991 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ሳቂታ ሰው ነበሩ፤ በ2003 ዓ.ም. በድንገት ተለዩን። እታለም ሐዘናቸውን ዋጥ አድርገው በሳምንቱ የጽዳት ጋዋናቸውን ለበሱ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የጀመሩትን የማታ ትምህርትም ሳያቋርጡ ቀጥለው በ2007 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ።

በ2012 ዓ.ም.፣ በአርባ ስምንት ዓመታቸው፣ የጽዳት ሥራቸውን ሳይለቁ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገቡ። “ሊያስተምሩ ነው ወይስ በዚያው ጡረታ ሊወጡ?” ብሎ የቀለደባቸው አልጠፋም። እርሳቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲያጸዱት በኖሩት ሰሌዳ ፊት መምህርት ተብለው መቆም። ሌላው ትምህርት አልከበዳቸውም። ያስቸገራቸው በክፍል ውስጥ በቴክኖሎጂ ማስተማር የሚባለው ነው። በኮሌጁ አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ሰው ስለሚደርስ ቀልጣፋው ማውዙን ይይዛል፤ እርሳቸው ከወጣቶቹ ትከሻ በላይ አንጋጠው ያያሉ። ስለዚህ ወደ እኔ መጡ።

እኔ የምተዳደረው በኮፒና በጽሕፈት ሥራ ነው፤ የተበላሸ ኮምፒውተርና ፕሮጀክተርም እጠግናለሁ። እታለም ከሥራ መልስ ሱቄ ገብተው ከጎኔ ወንበር ስበው ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ ቀን ማውዙ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲደርስባቸው “ጠረጴዛህ ጠቧል” አሉኝ። ደንበኞች ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ትንሽ በዘገዩ ቁጥር “እስቲ አምጪው” ብዬ ማውዙን ከእጃቸው እነጥቃለሁ፣ ቶሎ እጨርስና “አየሽ?” እላለሁ። “አየሁ” ይላሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ እያሉ ወጥተው ገቡ። በሁለቱ ዓመት ውስጥ በገዛ እጃቸው አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሠሩ ያየሁበትን ቀን ላስታውስ ብሞክር አላገኘሁም።

በ2014 ዓ.ም. ለተግባር ልምምድ የተመደቡት በዚያው ሲያጸዱት በኖሩት ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ በዚያ ዓመት ለአንዱ ክፍል ስማርት ቦርድ አስገብቷል። የኮሌጁ ገምጋሚ መምህርት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እታለም አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ልጆቹን ቃኝተው፣ ከቦርሳቸው ማርከር አወጡና በስማርት ቦርዱ መስተዋት ላይ “እንደምን አደራችሁ” ብለው በትልቁ ጻፉ። ሰሌዳው በጣት እንደሚጻፍበት በቪዲዮ ደጋግሜ አሳይቻቸው ነበር። ማርከሩ ደግሞ ካርቶን ላይ የምጽፍበት የማይለቀው ዓይነት ነው፤ ያነሡትም ከእኔ ሱቅ ነው። ተማሪዎቹ ሳቁ። ገምጋሚዋ አልሳቁም፤ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። እህታችን በዚያ ዓመት ወደቁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጋዋናቸውን ለብሰው ተመልሰው በአልኮልና በጥጥ ሰሌዳውን ሲያሹ ዋሉ። አብዛኛው ለቀቀ። “እንደምን” የሚለው ግን ፈዝዞ እስከ ዛሬ አለ። ያን ሁሉ ዓመት ሰሌዳ ሲያጠፉ ኖረው ማጥፋት ያቃታቸው እርሱ ብቻ ነው።

ነገሩን ሲነግሩኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ይህን ዛሬ በፊታችሁ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። እስክጨርስ ጠበቁኝና “አንተ ስታሳየኝ ይገባኛል፤ ቤቴ ስገባ ግን እጄ ምንም አያውቅም” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሊማሩ ብለው ሱቄ አልመጡም። አንድ ጊዜ ብቻ ጎራ ብለው የተበላሸ ማውዝ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው፤ ምን ሊያደርጉበት እንደሆነም አልጠየቅሁም።

ቆይታ ልጃቸው ነገረችኝ። እናቷ ራት ከተበላ በኋላ ጠረጴዛውን ወልውለው፣ ከምንም ነገር ጋር ያልተገናኘውን ማውዝ ይዘው፣ ባዶው ግድግዳ ላይ እያዩ ይለማመዱ ነበር። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን አስቸግሯቸው ስለነበር ጣታቸው እስኪዝል ይደጋግሙታል። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ለቀውላቸው ይወጡ ነበር። እኒህ ሴት ዛሬም እዚህ አሉ፤ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል። እኔ ያላደረግሁትን አድርገዋል።

በ2015 ዓ.ም. ልምምዱን ደገሙ። አንድ ቀን ጠዋት የሚያስተምሩበት ክፍል ፕሮጀክተር ተበላሽቶ ትምህርት ቤቱ አስጠራኝ። ወንበር ላይ ቆሜ ገመድ ስፈትሽ እታለም ያስተምራሉ። አንዲት ልጅ ተነሥታ በላፕቶፑ ላይ የአንድ ፍሬ ሥዕል እየጎተተች ከስሙ ጋር ልታገናኝ ትሞክራለች፤ ይንሸራተትባታል። ከኋላ “እኔ ልሥራው፣ እኔ ልሥራው” የሚል ጩኸት በዛ። እታለም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጠገቧ ቆመዋል። “ቀስ ብለሽ ሥሪው፤ ማንም አይነጥቅሽም” አሏት። ወደ እኔ አልዞሩም። እኔ ግን የጠፋ ብሎን የምፈልግ መስዬ ከወንበሩ ወርጄ ጎንበስ አልኩ። ልጅቷ በመጨረሻ አገናኘችው።

በዚህኛው ጊዜ ግምገማውን አለፉ። የቀራቸው የልምምዱን የመጨረሻ ሪፖርት ጽፎ በኮሌጁ ድረ ገጽ መላክ ብቻ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን እግራቸው ማበጥ ጀመረ፤ ሐኪሞችም ኩላሊታቸው መድከሙን ነገሩን። ስምንት ወር ታመሙ። ሕመሙ ሲብስ ጣቶቻቸውም አብጠው ማንኪያ መያዝ እስኪያቅታቸው ደረሱ። ሪፖርቱን አልጋ ላይ ሆነው፣ ላፕቶፑን ትራስ ላይ አስደግፈው፣ በቀን ጥቂት መስመር እየጻፉ ጨረሱት።

ሊልኩት በተነሡበት ቀን አጠገባቸው ነበርኩ። ቀስቱ ከሚፈለገው ቦታ እያለፈ ይሄዳል፤ ይመልሱታል፤ እንደገና ያልፋል። እጄ ሁለት ጊዜ ሊነሣ ነበር። ወደ ኋላ አጣመርኩት። አርባ ደቂቃ ፈጀ። “ላክ” የሚለውን ራሳቸው ተጫኑት። ገጹ መድረሱን ሲያሳውቃቸው ዓይናቸውን ጨፍነው “ይኸው” አሉ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በአምሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ውጤቱ አልደረሰም። ትናንት ኮሌጁ ሄጄ ጠይቄ ነበር፤ ውጤት የሚጸድቀው ኮሚቴው ሲሰበሰብ መሆኑን፣ እስከዚያም “መምህርት” ተብሎ መጻፍ እንደማይቻል የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በትሕትና አስረዱኝ። ከዚያ ሱቄ ገብቼ ይህን ወረቀት ለመጻፍ ስቀመጥ በርእሱ ላይ ምን ብዬ እንደምጠራቸው አጥቼ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ “መምህርት” ብዬ ጻፍኩ። የፈቀደልኝ የለም። ስህተት ከሆነም እንደ ሰሌዳው ጽሑፍ ሳይጠፋ ይቅር።

እህታችን አንዲት ሴት ልጅና አንዲት የልጅ ልጅ አይተዋል። ከእነርሱ ጋር እኔ ወንድማቸው፣ እንዲሁም “ማንም አይነጥቅሽም” ያሏት ተማሪና የክፍል ጓደኞቿ ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በማረፊያው ያኑርልን፤ ለልጃቸውም መጽናናትን ይስጥ። ለሁላችንም ጊዜ ሰጥተው ጠብቀውናል፤ እርሳቸውም አሁን ሳይቸኩሉ ይረፉ፤ ከእንግዲህ ከእጃቸው የሚነጥቅ የለም።