የዳዶው ቀይ መስመር

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ ከእጄ በቀር ደህና ነኝ። የእጄን ነገር ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ ስላልነበረ አልዘረዝረውም።

የምጽፍልሽ ስለዚያች ትንሽ አውሮፕላን ነው። የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎቿን አብረን ገጠምን፤ ከኋላ ያሉትን ቱቦዎች ያሰርሽው ግን አንቺ ነሽ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩሽ ሕግ አንድ ነው። ቱቦውን ከመለኪያው ጋር የሚያያይዘው ዳዶ በመፍቻ ይጠብቃል፤ በስሪንጅ ወደ ቱቦው አየር ይገፋል፤ የመለኪያው ጠቋሚ ከፍ ብሎ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሳይወርድ ከቆመ፣ ያኔ ብቻ ከዳዶው እስከ ቱቦው ቀይ ቀለም ይሰመራል። መስመሩ «በዓይኔ አይቻለሁ» ማለት ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት አብራሪው፣ «እማማ፣ እርስዎ ጠቋሚ ላይ ሲያፈጡ ሰማዩ አረጀ እኮ!» እያለ ያጣድፈን ነበር። «ቢያረጅ እኔን አይቀድመኝም» አልኩት። አንቺም ሳቅሽ። ባትሪ አብርቼ ከኋላ ብመለከት መስመሩ ቀጥ ብሎ ተሰምሯል። ፈረምኩ። መስመሩን እንጂ ጠቋሚውን አላየሁም፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው፣ ለማንም አላካፍለውም።

አብራሪው ሲንደረደር የፍጥነቱ ጠቋሚ አልነሣ አለው። አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል ብሎ ፍሬን ሲይዝ ሜዳው አልቆ ነበር። ቦይ ውስጥ ገባ፤ ጭኑ ተሰበረ።

አደጋውን ሊያጣራ የመጣው መርማሪ ዳዶውን በሁለት ጣቱ ፈታው። እስኪፈታው ድረስ ቀለሙ አልተሰነጠቀም። ጠብቆ የላላ ዳዶ መስመሩን ይሰብራል፤ ይህ ግን ከመጀመሪያው አልጠበቀም። የአርባ ዓመት የጥገና ፈቃዴን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ «ማነው ያሰመረው?» አለ።

«እሷ ናት። እትዬ የሌላ ሰው እጅ አታምንም» አልሽው። ፊቴን እንኳ ሳታዪ ወጣሽ።

«ቸኩዬ ቀለሙን አስቀድሜ ቀባሁት» ብትዪኝ እቆጣሽ ነበር። ቁጣዬን ታውቂዋለሽ፤ ሻዩ ሳይበርድ እሱ ይበርዳል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ፈረሱን ውኃ እያጠጣ ያሳደገው ሰው ምን እንደሚል ግን አልነገሩንም።

እኔም፣ «አዎን፣ የእኔ መስመር ነው» አልኩት። እናታችን አደራ ብላ እጅሽን በእጄ ላይ ያኖረችው ለዚህ ይሁን አይሁን አላውቅም።

መርማሪው ብሩሽና ቁራጭ ቱቦ ሰጠኝና፣ «እስቲ አንድ ያስምሩልኝ» አለ። አሰመርኩ። መስመሩ እንደ ጅረት ተጥመለመለ። መስመሩን አየ፤ እጄን አየ፤ የቀለሙን ክዳን ቀስ ብሎ ገጠመ።

መርማሪው ሰኞ ይጠራሻል። የሥራ ብሩሻችንን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ፤ አንቺንም አስምሪ ይልሻልና።

ወገብሽን ይማርልሽ፤ አንደበትሽንም ያቅናልሽ።

ታላቅ እህትሽ