አርብ ዕለት ሲኒማ የገባው ገደ ቢስ

ለወንድሜ ለጊርዳሪ፣ ሙስካት

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ሳቪታና ልጆቹስ እንዴት ከርመዋል? ሙቀቱ በረድ አለላችሁ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ የጉልበቴን ነገር በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ።

የእህታችን የኩሱም ልጅ የሱዲፕ አዲሱ ፊልም ከትናንት ወዲያ አርብ ወጣ። ታሪኩን ታውቃለህ፤ ቦምቤይ ገብቶ ስድስት ዓመት ሙሉ በየፊልሙ ከወንጀለኛው ጀርባ ቆሞ ሲደበደብ ኖረ፤ ከዚያ ብስክሌተኛውን ፍቅረኛ ሆኖ ሠራና የአገሩ ፀጉር አስተካካይ ሁሉ የእሱን ቁርጥ ይቆርጥ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ግን አራት ፊልም በተከታታይ ወደቀበት። አራቱንም በወጡበት አርብ ገብቼ አይቻለሁ፤ የወጡበትን ቀንና የቆዩበትን ሳምንት እንደ ልማዴ በወረቀት ጽፌ ኪሴ ይዤ ነበር። «ወንድም ጋሼ ገደ ቢስ ነው» ብለህ በስልክ የቀለድከው አንተ ነህ፤ ቤተሰቡ ግን የምርህን መሰለው። እኔም ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩት ሰው፣ ከአራት ነገር ሕግ እንደማይወጣ እያወቅሁ፣ ወረቀቷን ባየሁ ቁጥር እፈራ ጀመር። ፕሮዲዩሰሩም «ይህም ከወደቀ ከእንግዲህ የምትሠራው የጀግናውን ታላቅ ወንድም ነው» ብሎታል። ስለዚህ አርብ ከቤት ላልወጣ ቆረጥኩ።

ረፋዱ ላይ ሱዲፕ ራሱ ከቦምቤይ ከች አለ።

«አጎቴ፣ ይነሱ እንጂ! የቀኑ ትርኢት ሊያመልጠን ነው።»

«ተወኝ ልጄ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አየዋለሁ» አልኩት።

«ማስረጃ ሳታይ አትመን እያሉ ጆሮዬን የቆነጠጡኝ እርስዎ አይደሉም?»

ኩሱም ደረቷን መታች። «አንተ ልጅ፣ በገዛ እጅህ ጉድጓድህን ልትቆፍር ነው?» እንደማይሰማት ስታውቅ ከክፉ ዓይን እንዲጠብቅ ሱቅ በር ላይ እንደሚሰቀለው አንድ ሎሚና ሰባት ቃሪያ በክር ሰክታ ጃንጥላዬ ላይ አሰረችልኝ። የሲኒማ ቤቱ ትኬት ቆራጭ የድሮ ተማሪዬ ነው። «መምህር፣ አትክልት ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለና ሳቀብኝ።

እስከ እረፍቱ አዳራሹ ጭጭ አለ። ሱዲፕ ፊቱን በሻርፕ ሸፍኖ አጠገቤ ጥፍሩን ይበላል። እኔም ተነስቼ ልውጣለት ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ከእረፍት በኋላ ሸራው ላይ ባቡር ነጂ የሆነው ሱዲፕ ፍሬን በበጠሰ ባቡር ላይ ብቻውን ቀርቶ ፊሽካውን ሲጎትት፣ ከፊት ረድፍ አንድ ሰውዬ ተነስቶ በፉጨት መለሰለት። ከዚያማ ምኑን ልንገርህ! ሰው ሁሉ ወንበር ላይ ወጣ፤ ፉጨት፣ ጭፈራ፣ የተቀደደ ወረቀት እንደ ዝናብ ወረደ።

እኔ ክፍል ውስጥ ወረቀት የወረወረን ልጅ ወንበር ላይ የማቆም ሰው ነበርኩ። ያን ቀን ግን እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ ያቺን ዝርዝር አወጣሁ፣ አጥፌ እኩል ስምንት ቦታ ቀደድኳትና ወደ ሸራው በተንኳት። ሱዲፕ ሻርፑን ከፊቱ ገፎ «አጎቴ! ወረቀት የወረወረ ወንበር ላይ ይቁም!» ብሎ ጮኸብኝ።

ቆምኩ። ጉልበቴን ያመመኝ ስወርድ ነው።

ዛሬ እሁድ የትኬቱ ሰልፍ እስከ ጃለቢ ጣፋጭ ሻጩ ድረስ ደርሷል። ሦስት ቀን ማስረጃ አይሆንም ብላት ኩሱም «ሎሚው ነው የሠራው» ትለኛለች። አዲስ ዝርዝር አልጀመርኩም። አንተ ግን ለበዓል ስትመጣ አጠገቤ ተቀምጠህ ታየዋለህ፤ ለቀልድህ የፈረድኩብህ ቅጣት ይኸው ነው።

ባለቤቴ ሻርዳ ለሳቪታ ናፍቆቷን ትልካለች። ኒርማላን ለፈተናዋ በርቺ በልልኝ። ለትንሹ አሎክ ሱዲፕ የፈረመበትን ፎቶ አብሬ ልኬያለሁ፤ እንዳያጥፈው።

ወንድምህ ብሪጅሞሃን
ኢንዶር፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 1994