በስልጢኛም አትሰማም ነበር

ሽኩሬ፣

አንተ ከተለየኸን ይኼ አራተኛው ረመዳን ነው። የካዛንቺሱ የቀበሌ ቤታችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ልጃችን ሙኒርም ስታዲየም አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሯል። ባለፈው ወር አንድ ጆሮው ጭው ሲልበት በመሥሪያ ቤቱ የጤና መድን የግል ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ፣ ሥዕል እያሳየ አስረድቶ አከመው። ወዲያው ዳነ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ዝም ማለት ሲገባኝ ተናደድኩ። ልጇ በመዳኑ የምትበግን እናት አይተህ ታውቃለህ?

ያንተ ትዝ ብሎኝ ነዋ! ዕድሜህን ሙሉ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ስትቀጠቅጥ ጆሮህ አለቀ። ስንት ወር ጠብቀን ሆስፒታሉ ወረፋ ሲደርሰን፣ መርማሪዋ ማዳመጫ ጆሮህ ላይ አድርጋ የምትሰማውን ቃል ድገም አለችህ። አንዱንም አልደገምክ። ጥቂት ብታናግርህ ቅላጼህን ሰማችና ወደ እኔ ዞረች።

«ችግሩ የጆሮ ሳይሆን የቋንቋ ነው። አስተርጓሚ ይዛችሁ ተመለሱ።»

ልጆቹን በአማርኛ ያሳደገውን ሰው! አንተ ደግሞ አፍ አፏን እያየህ አዎ፣ አዎ ትላለህ። ያ ራስ መነቅነቅህ እስካሁን ያበሳጨኛል።

ተነስቼ ከጀርባህ ቆምኩና እናትህ ባስተማሩኝ ስልጢኛ ጠራሁህ። አልዞርክም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩ። አሁንም አልዞርክም።

«ይኸው፣ በእናቱም ቋንቋ አይሰማም» አልኳት።

አፍራ ምርመራውን እንደ አዲስ ጀመረች። ሁለቱም ጆሮዎችህ ተጎድተዋል፣ የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልግሃል ተባለ። መሣሪያው ግን ያለው የግል ክሊኒክ ብቻ ነው። የክሊኒኩ ዋጋ ደግሞ ለእኛ ቢጤ የሚቀመስ አልነበረም። ሆስፒታሉ እርዳታ ሲመጣ እንደውላለን ብሎ ሸኘን።

ከስልካቸው ግን የኩላሊት ሕመምህ ቀደመ። ሆስፒታል ተኝተህ ሳለህ ሐኪሞቹ የሚሉትን ሁሉ ጆሮህ ሥር እየጮህኩ ነገርኩህ፤ ክፍሉ በሙሉ ገመናችንን ሰማ። እንደ ባልና ሚስት ቀስ ብለን እንኳ አልተሰነባበትንም። ለቀስተኛው ገና ከድንኳኑ ሳይወጣ ስልክ ተደወለ። መሣሪያው መጥቷል፣ ይምጡና ይለኩ አሉኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም።

ትናንት ለደም ግፊቴ ጤና ጣቢያ ሄጄ አንዲት ከወላይታ የመጡ እናት «አማርኛ አይገባቸውም» ተብለው ሲመለሱ አየሁ። ቋንቋቸውን አላውቅም፣ ግን በሩ ላይ ቆሜ የሚያናግራቸው ካልመጣ ንቅንቅ አልልም አልኩ። ጥበቃው ሊያስወጣኝ መጣ፤ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ቋንቋቸውን የምትችል ነርስ ከላይ ተጠርታ ወረደች፤ ሴትዮዋም ገቡ።

አላህ ጀነትን ይወፍቅህ፣ ሽኩሬ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ የማስታውስህ እንዲሁ እየተጨቃጨቅኩ ነው።

ያንተው ሰሚራ