ጃፓን ለአንዲት እሑድ

ማክ. ጥቅ. 4፣ ጧት፣ ሰርቪስ ውስጥ
ጽሑፌ የተንጋደደው ከደሴ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ አይደለም፣ ደብተሬ። ትናንት ስሜ ወጣ። ከክር ፋብሪካችን አንድ ሰው ለሁለት ወር ሥልጠና ጃፓን ይሄዳል። እኔ ነኝ! ዘሐራ፣ የማሽን ጥገናዋ።

ጃፓናዊቷ አሠልጣኛችን ዩኮ የጎብኚዎች መጽሐፍ ሰጠችኝ፤ የት እንደሚታይ፣ የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚገዛ። ናራ፦ አጋዘን መሀል ከተማ ከሰው እጅ ይበላል። አሳኩሳ፦ በሩ ላይ ጎጆ የሚያክል ቀይ ፋኖስ። አንድ ምግብ ቤት ደግሞ ዓሣው ሩዝ ላይ ተጋድሞ እየዞረ ይመጣል፤ የፈለጉትን ማንሣት ነው። ሥዕሉን ለሰርቪሱ ሰው ሁሉ አሳየሁ። ጥሬ መሆኑን ስነግራቸው ከኋላ አንዷ አዑዙ ቢላህ አለች። ሳቅ በሳቅ።

የዕረፍት ቀን ግን አንዲት እሑድ ብቻ። ናራ? አሳኩሳ? ልቤ ሁለት ሆነ። አባባ ከቦሩ ሜዳ ለቅሶ ዛሬ ይመለሳሉ። ማታ እነግራቸዋለሁ።

ረቡ. ጥቅ. 5
ጉድ ሆንኩ። ትናንት ፎርም ስሞላ ኮምቦልቻ አመሸሁ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደሴ ገባ። አባባ ከለቅሶው ተመልሰው ሰኞ ገበያ ሠፈር ያለችውን የስፌት ሱቃቸውን እንደከፈቱ አንድ ደንበኛ እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው። በምን? እሱ አስረዳቸው። የልጃቸውን መንገድ ከገበያ ሰሙ።

ከዚያ ወዲህ አያናግሩኝም። ጨርቅ ይቆርጣሉ። ግራኝ ናቸው፤ የቀኝ እጅ መቀስ በግራ እጅ ሲጨብጡ ኖረው አውራ ጣታቸው ላይ የደደረው ቁስል እኔ ሳልወለድም ነበር።

ፎርሙ ቅዳሜ ይገባል። ወረቀቱ የአባት ፈቃድ አይጠይቅም። ግን ያለ ዱአቸው እግሬ አይነሣም፤ ወላሂ አልሄድም።

ሐሙ. ጥቅ. 6፣ ከሰዓት
ሽማግሌ የሚላከው ለሙሽራ ነው። እኔ ለገዛ አባቴ ላክሁ። ሁለቱ ጎረቤቶቻችን፣ መምሬ ተክሌና ሼህ ኑሩ፣ ገብተው አንቀመጥም አሉ። ጉዳያችን ካልተፈጸመ ብለው በር ላይ ቆሙ፤ የወጉ ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ ሳቄም እንባዬም መጣ።

አባባ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ሀገር ሰምቶ እኔ መጨረሻ?»

ወጥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አፉ ብለው ይቅር አሉኝ። ስለ ጉዞው ግን እሺም እምቢም የለም። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ መጽሐፏን ተዪልኝ አሉ። እንግሊዝኛ አያነቡም። ምን ሊያደርጉባት ነው?

ዓር. ጥቅ. 7፣ ጧት፣ ሰርቪስ ውስጥ
ልወጣ ስል ጠሩኝ። ቁሚ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ትከሻዬን ለኩ፣ ክንዴን ለኩ። እዚያ ብርድ ነው ይባላል፣ ካፖርት ሳይኖርሽ? አሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ፤ ረጅም። አሚን እያልኩ ተቀበልኩ። መጽሐፏን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

አሁን ሐረጎን እየወረድን ፈታኋት። ደስታዬን የት ላድርገው! ግን አንድ ገጽ ላይ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ምልክት አለ። የስፌት ዕቃ የሚሸጥበት ሠፈር፤ እኔ ምን ያደርግልኛል ብዬ የዘለልኩት። ከመቀሶቹ ሁሉ አንዷ በነጭ ተከባለች። ከሥሯ ያለውን አነበብኩ፦ ለግራኞች የተሠራ። እሳቸው ስለቱ የተገጠመበትን ጎን አይተው ነው ያወቁት። አምጪልኝ አላሉም። አይሉምም።

የናራ አጋዘኖች ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፋኖሱም ይቆይ። እሑዷ ተያዘች።