አባባ ስም ያወጣላቸው ተዋናዮች

ውድ ወንድሜ ጌታሁን፣ የጌታ ሰላም ጆሃንስበርግ ሱቅህ ድረስ ይድረስህ። እኛ ሶዶ ደህና ነን፤ የዳሞታ ተራራም ጉሙን ለብሶ በቦታው አለ።

የላክህልን ፍላሽ ደረሰ። ያ ሁሉ የአባባ ቪዲዮ ቤት የካውቦይ ፊልም! ቅዳሜ ከሰዓት አብረን ከፈትነው። ትዝ ይልሃል፣ ሰዉ ለአክተሩ ሲያጨበጭብ አባባ "አክተሩማ እንደማይሞት ፈረሱም ያውቃል፤ ዙሪያው ያሉትን እዩ!" ይል ነበር። ፊልሙን ወደ ወላይትኛ እየተረጎመ፣ ለእነዚያ ለትናንሾቹ ተዋናዮች የአገር ስም ያወጣላቸዋል። በየፊልሙ ከበቅሎ የሚወድቀው ጥርስ የለሽ ሽማግሌ "የገሱባው ዳኛ" ነበር። ብርጭቆ እየወለወለ በቅንድቡ ብቻ የሚያስቀን ደግሞ "የጉኑኖው ዲያቆን"። ተኩስ ሲጀመር ቤቱ በሙሉ "ዲያቆን፣ ጎንበስ በል!" ብሎ ይጮህ ነበር።

አባባ አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚስቀው። ሽማግሌው ሲወድቅ እንባው እስኪፈስ ሳቀና ወደ እኔ ዞሮ፣ "ይኼ ሰውዬ ጎበዝ ነው፤ ማን ይባላል?" አለኝ።

"የገሱባው ዳኛ" አልኩት።

"ጥሩ ስም ነው። ማን አወጣለት?"

ሌላ ወሬ የለም። በቆሎው ደርሷል። ቤተ ክርስቲያን አሁን እጁን ይዤው ነው የምንሄደው፤ መንገዱ ስለተቆፋፈረ ነው።

ባለቤትህን ምሕረትን ሳምልኝ። ጌታ መውጣት መግባታችሁን ይጠብቅ። እሁድ ስትደውል ግን "አባባ" ከማለትህ በፊት "ጌታሁን ነኝ፣ ልጅህ" በለው።

እህትህ አባይነሽ